ፎቶዎችን ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት፦ የቤተሰብ ፎቶ ለሚያድሱ ተማሪዎች

ለስግድ ትርኢት፣ ለቤተሰብ አልበም ወይም ለሴሚናር ወረቀት ብለን የወላጆቻችንን የድሮ ፎቶ ስካን የምናደርግ ጥቂት አይደለንም። ሥራው ሲጀመር አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ አክስት ከአሽዶድ የራሷን ትሰጣለች፤ አጎት ከነታንያ በስልክ ያነሳውን ይልካል፤ ከአያት ሻንጣ ደግሞ አንድ ሙሉ ፖስታ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ ላይ ሃያ ፎቶ ይከፈትና የቱ ከማን ቤት እንደመጣ፣ የቱ እንደታረመ፣ የቱ ገና እንዳልተነካ መለየት ያስቸግራል።

በዚህ ትምህርት በፎቶሾፕ ብዙ ፎቶዎችን ከፍቶ እንዴት መደርደር፣ እኩል ማጉላትና ማወዳደር እንደሚቻል እናያለን። መጨረሻ ላይ በነፃ በሚገኘው ጊምፕ ተመሳሳዩን እንዴት እንደምንሠራ እንጨምራለን። ጉዳዩ ጠረጴዛ እንደ ማስተካከል ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ፎቶ ብቻውን ሲታይ የማይናገረው ብዙ ነገር አለ። ፊቱ በስካነሩ መገርጣቱን፣ ጉንጩ ላይ ያለው ነጥብ ማርያም ሳመችኝ ይሁን የወረቀት ቆሻሻ፣ ሁለት ፎቶዎች የአንድ ቅጽበት መሆን አለመሆናቸውን የምናውቀው ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው። «ማየት ማመን ነው» ይባላል፤ በፎቶ እድሳት ግን አንዱን ብቻ አይቶ ማመን ያሳስታል።

ከመክፈታችን በፊት፦ ስምና መጠን

ፎቶሾፕ ውስጥ የተከፈተ ፎቶ ሁሉ ከላይ የፋይሉን ስም ይዞ ይታያል። ስካነሩ የሰጠውን ስም እንዳለ ከተውነው ሃያዎቹም በቁጥር ብቻ የሚለያዩ አንድ ዓይነት ስሞች ይሆናሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ስም እናውጣ። የሚመቸው ቅደም ተከተል የባለቤቱ ቤት፣ ከዚያ የፎቶው ቁጥር፣ ከዚያ የቅጂው ምልክት ነው፦ «አያት-07-ሀ»፣ «አክስት-07-ለ»። ሁለቱም «07» ከሆኑ የአንድ ፎቶ ሁለት ቅጂዎች ናቸው ማለት ነው። የመጀመሪያው ስካን በራሱ ፎልደር ውስጥ ሳይነካ ይቀመጣል፤ የምንሠራው ግልባጩ ላይ ነው።

ቀጥሎ መጠን። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 2362 በ3543 ፒክስል ይሆናል፤ ይህም 8.4 ሚሊዮን ፒክስል ያህል ነው። ፋይሉ በጄፔግ ሲቀመጥ ትንሽ ቢሆንም፣ ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ስለሚይዝ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ ወደ 25 ሜጋባይት ይወስዳል። ሃያ ፎቶ 500 ሜጋባይት ነው፤ ሌየር ስንጨምርበት ደግሞ ያድጋል። ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ሃያውን በአንድ ጊዜ መክፈት አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ የሚመለከታቸውን ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ፎቶዎች ብቻ ክፈቱ፤ ጥያቄው ሲመለስ ዝጉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ታብ፣ ተንሳፋፊ መስኮት እና ድርድር

ፎቶሾፕ ብዙ ፎቶዎች ሲከፈቱ እንደ ኢንተርኔት ገጾች በታብ ይደረድራቸዋል። የሚታየው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ከኋላው ተደብቀዋል። ከአንዱ ወደሌላው ለመሄድ ኮንትሮልን ይዞ ታብን መጫን ይበቃል። ይህ አንድ በአንድ ለመሥራት ጥሩ ነው፤ ለማወዳደር ግን አይመችም፤ ምክንያቱም ዓይናችን የቅድሙን ቀለም አስታውሶ ከአሁኑ ጋር ማመሳከር አይችልበትም።

ጎን ለጎን ለማድረግ ከላይ ካለው ሜኑ «ዊንዶው» የሚለውን ከፍተን «አሬንጅ» ውስጥ እንገባለን። እዚያ የምናገኛቸው ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

– «ታይል ኦል ቨርቲካሊ»፦ የተከፈቱትን ሁሉ እንደ ዓምድ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል። ለቁም ፎቶ ይመቻል።
– «ታይል ኦል ሆሪዞንታሊ»፦ አንዱን ከሌላው በላይ ይደረድራል። ለአግድም ፎቶ፣ ለምሳሌ ሰዎች በረድፍ ለቆሙበት የሰርግ ፎቶ ይመቻል።
– «ቱ-አፕ»፣ «ስሪ-አፕ»፣ «ፎር-አፕ» እና «ሲክስ-አፕ»፦ ስክሪኑን ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለስድስት ይከፍላል። ከዚያ በላይ የተከፈቱት በታብ ከኋላ ይቆያሉ።
– «ፍሎት ኢን ዊንዶው»፦ ፎቶውን ከታቡ አውጥቶ ብቻውን የሚንሳፈፍ መስኮት ያደርገዋል። ሁለተኛ ስክሪን ያለው ሰው ወደዚያ ሊጎትተው ይችላል።
– «ኮንሶሊዴት ኦል ቱ ታብስ»፦ የተበታተነውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ታብ ይመልሳል። ስክሪኑ ሲምታታባችሁ መውጫ በሩ ይህ ነው።

አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ፎቶው ሁልጊዜ በተንሳፋፊ መስኮት ይከፈታል። ይህን ለመቀየር «ኤዲት»፣ ከዚያ «ፕረፈረንስስ»፣ ከዚያ «ወርክስፔስ» ውስጥ ገብተን «ኦፕን ዶኩመንትስ አዝ ታብስ» የሚለውን ምልክት እናደርጋለን። የኪቦርዱ ቋንቋ ዕብራይስጥ ወይም አማርኛ ላይ ከሆነ የፊደል ትእዛዞች ላይሠሩ ስለሚችሉ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ይሻላል። ማክ የምትጠቀሙ፣ ኮንትሮል ባልንበት ቦታ ኮማንድን ተጫኑ፤ ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚወስደው ኮንትሮልና ታብ ግን በማክም ያው ኮንትሮል ነው።

በእያንዳንዱ ታብ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የማጉያው መጠን በመቶኛ፣ ከዚያ በቅንፍ ውስጥ የቀለሙ ዓይነት ይታያል። ሁለት ዓይነት ኮከብ አለ፤ አይምታታባችሁ። ከቅንፉ ውጭ ያለው ኮከብ (*) ለውጡ ገና አልተቀመጠም ማለት ነው። በቅንፉ ውስጥ ያለው ኮከብ የፎቶው የቀለም ፕሮፋይል ፎቶሾፑ ከሚሠራበት ይለያል ማለት ነው፤ በቦታው # ካለ ደግሞ ፎቶው ጭራሽ ፕሮፋይል የለውም። አንዱ ፕሮፋይል ያለው፣ ሌላው የሌለው ከሆነ የሚታየው የቀለም ልዩነት ከፎቶዎቹ ሳይሆን ከዚህ ሊመጣ ስለሚችል ከማወዳደር በፊት ይህን ማየት ይገባል።

እኩል ማጉላት፣ እኩል ማንቀሳቀስ

ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። አንዱ በ25%፣ ሌላው በ66% ከታየ የምናወዳድረው ፊትን ከፊት ጋር ሳይሆን ትልቅን ከትንሽ ጋር ነው። በዚያው «አሬንጅ» ሜኑ ውስጥ «ማች ዙም» የሚለው ሁሉንም አሁን ከተመረጠው ፎቶ ጋር እኩል ያጎላቸዋል። «ማች ሎኬሽን» የሚታየውን ቦታ እኩል ያደርጋል፤ የአንዱ የግራ ላይኛው ጥግ ከታየ የሁሉም ይታያል። «ማች ኦል» ሁሉንም በአንዴ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ አብሮ ለማንቀሳቀስ የእጅ ምልክቱን በ«ኤች» ፊደል እንመርጥና ሺፍትን ይዘን እንጎትታለን፤ ፎቶዎቹ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። የማጉያ መነጽሩን መርጠን ሺፍትን ይዘን ጠቅ ስናደርግ ደግሞ ሁሉም አብረው ይጎላሉ። በረድፍ የቆሙ አሥር ሰዎችን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፊት በፊት፣ በሁለት ቅጂ ላይ ለማየት ከዚህ የሚሻል የለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ማች ዙም» እኩል የሚያደርገው መቶኛውን እንጂ የፊቱን መጠን አይደለም። የአያት ፎቶ በ600፣ የአክስት በ300 ዲፒአይ ስካን ከተደረገ በእኩል መቶኛ ሲታዩ የአያት ፎቶ በእጥፍ ገዝፎ ይታያል። ለማየት ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን በ50%፣ ሁለተኛውን በ100% ማድረግ ይበቃል። አብረን ልናንቀሳቅሳቸው ከፈለግን ግን የትልቁን ግልባጭ «ኢሜጅ ሳይዝ» ውስጥ ገብተን ወደ 300 አውርደን ሁለቱን በፒክስል እናቀራርባቸዋለን።

100% ማለት አንድ የፎቶ ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ላይ ሲታይ ነው። ጭረት፣ ሽንቁርና የወረቀት ጥራጥሬ በትክክል የሚፈረደው በዚህ ልክ ነው፤ ኮንትሮልና 1 ይወስደናል። ሙሉውን ፎቶ በስክሪኑ ልክ ለማየት ኮንትሮልና 0።

አንዱን ፎቶ በሁለት መስኮት

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ አንድ ፎቶ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል። «አሬንጅ» ውስጥ ከታች «ኒው ዊንዶው ፎር» ብሎ የፎቶውን ስም የሚጽፍ ትእዛዝ አለ። ስንጫነው ሌላ ፋይል አይፈጠርም፤ ያው ፎቶ በሌላ መስኮት ይታያል። በአንዱ መስኮት ዓይኑን በ200% አጉልተን ጭረቱን ስናጠፋ፣ በሌላው ሙሉውን ፊት እናያለን። በአንዱ የሠራነው ወዲያው በሌላው ይታያል።

ይህ ለፊት እድሳት ግድ ነው ማለት ይቻላል። በ200% ስንሠራ የምናየው ጥቂት ፒክስል ነው፤ እጃችንም የማስተካከል ሱስ ይይዘዋል። መጨማደዱን አለስልሰን፣ የዓይን ጥግ አንጽተን፣ ወደ ሙሉው ስንመለስ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ የአርባ ዓመት ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ሁለተኛው መስኮት አጠገባችን ካለ ፊቱ መለወጥ ሲጀምር እዚያው እናያለን።

ነጥቡ የማን ነው? የወረቀቱ ወይስ የፊቱ?

የፎቶ ማደሻ መሣሪያዎች ጥቁር ነጥብ ባዩበት ሁሉ በዙሪያው ባለው ቆዳ ይሸፍኑታል። መሣሪያው ቆሻሻን ከማርያም ሳመችኝ፣ ጭረትን ከጠባሳ፣ የሻጋታ መስመርን ከአንገት ንቅሳት አይለይም። መለየት ያለብን እኛ ነን፤ የምንለየውም በማወዳደር ነው።

የአንድ ፎቶ ሁለት ቅጂዎች ካሉን በ«ቱ-አፕ» ደርድረን፣ እኩል አጉልተን፣ ነጥቡን በሁለቱም ላይ እንፈልጋለን። በአንዱ ብቻ ካለ የዚያ ወረቀት ጉድለት ነው፤ ማጥፋት ይቻላል። በሁለቱም ካለ ሁለት ዕድል አለ፦ ወይ የሰውየው ምልክት ነው፣ ወይ የነጋቲቩ ጉድለት ነው። ይህን የሚፈታው ሦስተኛ ፎቶ ነው፤ ያው ሰው በሌላ ቀን የተነሳበት። እዚያም ምልክቱ በዚያው ቦታ ካለ የሰውየው ነው፤ አይነካም። ሦስተኛ ፎቶ ከሌለ ነጥቡን መተው ይሻላል። የቀረ ቆሻሻ ነገ ሊጠፋ ይችላል፤ የጠፋ ንቅሳት ግን በታደሰው ፎቶ ላይ ከአያታችን አንገት ለዘለዓለም ተፋቀ ማለት ነው።

የፊት ቀለም፦ ጠይሙን ቀይ እንዳናደርገው

አማርኛችን ለሰው መልክ ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ የሚሉ ቃላት አሉት። ስካነሩና ስልኩ ግን እነዚህን አያውቁም። «ኦቶ» የሚባለው ማስተካከያ ጨለም ያለውን ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ይሞክራል። ፎቶውን የሞላው ጠይም ፊት ከሆነ ፊቱን ያገረጣዋል፤ ነጠላውንም ፈትሉ እስከማይታይ ድረስ ያነጣዋል። ፎቶውን ብቻውን ለሚያይ «ደመቅ አለ፣ አማረ» ያሰኛል። ከሌሎቹ ጋር ስናስቀምጠው ግን ያው ሰው በአንዱ ጠይም፣ በሌላው ቀይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ችግሩ በስካነር አልተጀመረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች «ሸርሊ ካርድ» የሚባል መመዘኛ ያዘጋጅ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ሠራተኛው የእሷ ቆዳ ልክ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማሽኑን ያስተካክል ነበር። በዚያ ልክ የታተመ የጥቁር ሰው ፎቶ ብዙ ጊዜ የፊቱን ዝርዝር ያጣል። ኩባንያው የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበትን ካርድ ያወጣው በ1990ዎቹ ነው። ወላጆቻችን በዘመቻ ሙሴ (1984–85) እና በዘመቻ ሰሎሞን (1991) ዘመን የተነሷቸው ባለቀለም ፎቶዎች እንግዲህ ከዚያ ለውጥ በፊት የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም ራሱ እውነቱ ነው ብለን መነሳት አንችልም።

ታዲያ በምን እንመዝን? ፊትን በፊት ከመገመት ይልቅ በልብስ እንጀምር። ነጠላና ጋቢ በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ አሉ። የ«ኢንፎ» ሰሌዳን በኤፍ 8 ከፍተን ማውሱን ጥላ በሌለበት የነጠላው ክፍል ላይ ስናደርግ ሦስት ቁጥሮች እናያለን፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። ለምሳሌ 232፣ 224 እና 198 ከሆኑ ሰማያዊው አንሷል ማለት ነው፤ ፎቶው ቢጫ ሆኗል። በ«ኩርቭስ» ሌየር ሰማያዊውን ቀስ እያደረግን ከፍ ስናደርግ ሦስቱ ይቀራረባሉ። ፍጹም እኩል ማድረግ ግን አያስፈልግም፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ዱሮውንም እንደ ወረቀት አይነጣም። የፎቶውን ነጭ ጠርዝ መመዘኛ ማድረግ ደግሞ ያሳስታል፤ ወረቀቱ ራሱ በዕድሜ ይበልዛል።

ነጠላው ሲስተካከል ፊቱም አብሮ ወደ ቦታው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ፊቱን ለብቻው ማብራት አያስፈልግም። አሁን አራቱን ፎቶዎች በ«ፎር-አፕ» ደርድረን እናያለን። ከአንድ ፊልም የታተሙና በአንድ ስካነር ያለፉ ከሆኑ የመጀመሪያውን ማስተካከያ ለሌሎቹም ማዋል ይቻላል፦ የ«ኩርቭስ» ሌየሩን ከሌየሮች ሰሌዳ ይዘን ወደ ጎረቤት መስኮት እንጎትተዋለን፤ እዚያ ሲለቀቅ ግልባጩ ያርፋል። ፎቶዎቹ ተደርድረው ካልታዩ ይህን መጎተት አይመችም። ከሌላ ቤትና ከሌላ ዘመን የመጣ ፎቶ ግን የራሱን ማስተካከያ ይፈልጋል።

ዓይናችንም እንዳያታልለን እንጠንቀቅ። ያው ፊት በነጭ መደብ ላይ ሲታይ ይጠቁራል፣ በጥቁር መደብ ላይ ሲታይ ይነጣል። በፎቶው ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርገን መካከለኛ ግራጫ እንምረጥ። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሰውየውን መልክ የሚያውቅ ሰው ነው። «ጠይም ነበሩ ወይስ ቀይ ዳማ?» ብሎ መጠየቅ ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል።

አንድ ቅጽበት ወይስ ሁለት?

የአያት ቅጂ የግራ ጥጉ ተቀዷል፤ የአክስት ቅጂ ግን ሙሉ ነው። ከአክስት ወስዶ የአያትን ማሟላት ይቻላል ወይ? መልሱ ሁለቱ ከአንድ ነጋቲቭ የታተሙ መሆን አለመሆናቸው ላይ ነው። ፎቶ አንሺው ተከታትሎ ሁለት ጊዜ አንስቶ ከሆነ ሰዎቹና ልብሳቸው አንድ ይሆኑና ቅጽበቱ ግን ሁለት ነው።

መጀመሪያ ደርድረን እናያለን። የነጠላው እጥፋት፣ የጣቶች አቀማመጥ፣ መሬት ላይ ያለው ጥላ፣ የሕፃን ዓይን አቅጣጫ እነዚህ ናቸው የሚመሰክሩት። ዋናዎቹ ሰዎች ለካሜራ ስለሚቆሙ አይንቀሳቀሱም፤ የሚንቀሳቀሱት ሕፃናትና ከኋላ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ተመልከቱ። የጠርዝ ልዩነት ግን አያሳስታችሁ፤ ማተሚያ ቤት አንዱን ነጋቲቭ ሲያትም ዳሩን አንዴ ሰፋ፣ አንዴ ጠበብ አድርጎ ሊቆርጠው ይችላል።

ከዚያ በእርግጠኝነት ለማወቅ አንዱን በሌላው ላይ እናስቀምጣለን፦

1. ሁለቱን በ«ቱ-አፕ» እንደረድራለን። የማንቀሳቀሻ መሣሪያውን በ«ቪ» ፊደል መርጠን፣ ሺፍትን ይዘን፣ የአክስትን ፎቶ ወደ አያት መስኮት እንጎትታለን።
2. የታችኛው ሌየር የቁልፍ ምልክት ካለበት ጠቅ አድርገን እንከፍተዋለን። ሁለቱን ሌየሮች መርጠን «ኤዲት» ውስጥ «ኦቶ-አላይን ሌየርስ» እንላለን።
3. የላይኛውን ሌየር ዓይነት ከ«ኖርማል» ወደ «ዲፈረንስ» እንቀይራለን።

«ዲፈረንስ» የሁለቱን ልዩነት ብቻ ያሳያል፤ እኩል የሆነው ቦታ ጥቁር ይሆናል። ፎቶው በጠቅላላ ወደ ጥቁር ከሄደና ጭረቱና ቅዳዱ ብቻ ካበራ፣ አንድ ነጋቲቭ ነው። የሰዎቹ ክንድና ፊት በሁለት መስመር ከታየ ሁለት ቅጽበት ነው። አንዱ ወረቀት ከሌላው ስለደበዘዘ ቀጭን ብርሃን በሁሉም ቦታ ሊኖር ይችላል፤ እሱን ትታችሁ ጠርዞችን ተመልከቱ።

አንድ ነጋቲቭ ከሆነ ሌየሩን ወደ «ኖርማል» መልሰን፣ ማስክ ጨምረን፣ የተቀደደው ቦታ ላይ ብቻ እንዲታይ እናደርጋለን። ይህ የጠፋውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ሁለት ቅጽበት ከሆነ ግን ከአንዱ ፊት ወስዶ ከሌላው ላይ መለጠፍ ያልነበረ ፎቶ መፍጠር ይሆናል። ለቤተሰብ ስጦታ የሚያደርገው ሊኖር ይችላል፤ ለትርኢት ወይም ለጥናት ከሆነ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን መስቀል የተሻለ ነው። በየትኛውም መንገድ ከፎቶው ሥር «የግራ ጥግ ከሌላ ቅጂ የተሟላ» ብሎ መጻፍ አይቅር። ሥራው ከነሌየሮቹ በፎቶሾፕ ፋይል ይቀመጥ፤ ነገ የሚመጣ ሰው ምን እንደተጨመረ ማየት አለበት።

ለአዛውንት ስናሳይ

በፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም የሚያውቁ አያቶችና ቄሶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዘን ቤታቸው ስንሄድ ስክሪኑ ለእነሱ ይዘጋጅ። ሁለት ፎቶ ብቻ በ«ቱ-አፕ» ደርድሩ፤ የታብ ቁልፍን ስትጫኑ በዙሪያው ያለው ሰሌዳ ሁሉ ይሰወራል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ይመለሳል። አንድ ፎቶ ብቻ ሙሉ ስክሪን ላይ ለማሳየት «ኤፍ» ፊደልን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ስታጎሉ ቀስ በሉ። በፍጥነት ወዲያ ወዲህ የሚል ስክሪን ያደክማል፤ ሰውየው የት እንደቆመም ይጠፋባቸዋል። መጀመሪያ ሙሉውን ፎቶ፣ ከዚያ አንድ ፊት፣ ከዚያ እንደገና ሙሉውን አሳዩ።

ጥያቄው ክፍት ይሁን። «እማማ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» እንበል እንጂ «አጎታችን ናቸው አይደል?» አንበል፤ ለሁለተኛው ብዙ ሰው ለማስደሰት ሲል «አዎ» ይላል። የሁለት ፎቶ ሰዎች አንድ ናቸው ብለን ከጠረጠርን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ዝም ማለት ነው፤ አንድ ከሆኑ እሳቸው ራሳቸው ይሉታል። ስሙን ከነአባት ስሙ፣ የመንደሩን ስምና የነገረንን ሰው ማንነት እዚያው እንጻፍ። ሁለት አዛውንት ሁለት ስም ከነገሩን ሁለቱም ይጻፉ።

በጊምፕ የምትሠሩ

ጊምፕ በነፃ ይገኛል። ከ2012 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2.8 ወዲህ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ መስኮት የሚያሳይ አሠራር አለው፤ በ2.10 ደግሞ ሲከፈት የሚመጣው ይኸው ነው። በዚህ አሠራር ፎቶዎቹ ከላይ በትናንሽ ምስል ይደረደራሉ፤ ጎን ለጎን ግን አይታዩም። ለማወዳደር «ዊንዶውስ» ከሚለው ሜኑ «ሲንግል-ዊንዶው ሞድ» የሚለውን ምልክት እናነሳለን። ያኔ እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ መስኮት ይኖረዋል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘን የግራ ቀስት ስንጫን አንዱ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ይይዛል፤ በሌላው መስኮት ላይ ሆነን የቀኝ ቀስት ስንጫን ደግሞ ቀኙን።

አንዱን ፎቶ በሁለት መስኮት ለማየት «ቪው» ውስጥ «ኒው ቪው» አለ። ሁለት ቅጂዎችን አንዱን በሌላው ላይ ለማድረግ «ፋይል» ውስጥ «ኦፕን አዝ ሌየርስ» ሁለተኛውን ቀጥታ በሌየርነት ይከፍተዋል። «ዲፈረንስ»ም በሌየሮች ዓይነት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ሌየሩን የምናገጥመው ግን በእጃችን ነው። የላይኛውን ግልጽነት 50% አድርጋችሁ መጀመሪያ ዓይን በዓይን ላይ እንዲያርፍ አድርጉ።

መልመጃ

ከቤታችሁ አንድ ፎቶ ምረጡ፤ ከዘመድ ደግሞ የዚያኑ ፎቶ ሌላ ቅጂ ጠይቁ። ሁለቱንም በ600 ዲፒአይ፣ «ኦቶ» ጠፍቶ፣ ስካን አድርጉ። ከዚያ፦

1. በስማቸው ለዩአቸው፤ በ«ቱ-አፕ» ደርድራችሁ «ማች ኦል» አድርጉ።
2. የነጠላውን ወይም የሌላ ነጭ ልብስ ቁጥሮች ከሁለቱም አንብባችሁ ጻፉ። የትኛው ይበልጥ ቢጫ ነው? የትኛው ላይ ፊቱ ገርጥቷል?
3. በአንዱ ብቻ ያሉትን ነጥቦች ቁጠሩ፤ በሁለቱም ያሉትን አትንኩ።
4. በ«ዲፈረንስ» አንድ ነጋቲቭ መሆናቸውን አረጋግጡ።
5. ሁለቱን ጎን ለጎን ለአንድ አዛውንት አሳዩና ያሏችሁን ጻፉ።

አምስተኛውን ከሌሎቹ አስቀድሙት እንጂ አታቆዩት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ኮምፒውተሩ እስካለ ድረስ መቼም ሊሠሩ ይችላሉ።